የማሰሮው ጎመን

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ ዐሥራ ስምንት ቀን፣ ሰኞ፣ ከጧቱ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አምሳለ የዶሮዎቹን የቀርከሃ ቤት ከፈተች፤ አንድም ዶሮ አልወጣላትም። በሌላው ቀን መዝጊያው ገና ሳይነሣ ይንጫጩ፣ እርስ በርስ ይገፋፉ፣ በእግሮቿ መካከል እየሾለኩ ይበታተኑ ነበር። ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ ተመለከተች። ቀይዋ ዶሮ በጎኗ ተጋድማለች። ዛጎልማዋ ክንፏን ዘርግታ፣ ምንቃሯን ከፍታ ደርቃለች። ገብስማው አውራ ዶሮ ለመውጣት ሲታገል እንደ ነበር ያስታውቃል፤ አንገቱን ወደ በሩ ስንጥቅ አስግጎ ቀርቷል። ነፍስ የቀረባት አንዲት ጥቁር ቄብ ብቻ ነበረች፤ እርሷም ልትቆም በሞከረች ቁጥር እግሯ እየከዳት ትወድቃለች።

አምሳለ ቄቧን አቅፋ አወጣቻትና ሌሊት የዘነበው ዝናብ ከሞላው ገበቴ አጠገብ አስቀመጠቻት። ቄቧ ጠጣች። ጠጥታ ቀና ማለት አልሆነላትም፤ ውሃው ከምንቃሯ ተመልሶ እስኪፈስ ድረስ ደጋግማ ጠጣች። ከዚያም አንገቷን በገበቴው ጠርዝ ላይ እንዳስደገፈች ጸጥ አለች።

«እትዬ አምሳለ፣ ምን ሆኑ?» አለች ሸጋ ከኋላዋ። የባሏ የዓለምነው ታናሽ እህት ናት፤ ዐሥር ዓመቷ ነው። የዶሮዎቹን ቤት አየችና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ቀጥላ የጠየቀችው ስለ ዶሮዎቹ አልነበረም። «አያ አድማሴ ምን ይሉ ይሆን?» አለች።

ልጅቱ እንዲህ ያለችበት ምክንያት ነበራት።

አምሳለ የዳንግላ ከተማ ልጅ ናት። ስድስተኛ ክፍልን ከክፍሏ አንደኛ ሆና ፈጽማ፣ የሰባተኛ ክፍል ደብተሯን እያሰበች ሳለ፣ ቆሰበርን አልፎ በዘንገና ሐይቅ አጠገብ ለሚያርሰው ለዓለምነው ተዳረች። ለቅሶዋን በሠርጉ ዘፈን ውስጥ አልቅሳ ጨረሰችው። በባሏ ቤት ሁለተኛ ዓመቷን ስትይዝ ግን፣ ሸጋ ከሰል እያነሣች በሰፌድ ጀርባ ላይ ፊደል ስትሞክር አየቻት፤ ያን ቀን ለራሷ የሞተ የመሰላት ምኞት በዚህች ልጅ ስም ተነሣ። ሸጋ በመስቀል ማግስት ቆሰበር ትምህርት ቤት መግባት አለባት ብላ ቆረጠች።

ጉዳዩ የሚወሰነው ግን በአያ አድማሴ ነበር። የዓለምነው አባት ከሞቱ ወዲህ የቤቱን ነገር የሚቆርጡት ታላቅ ወንድማቸው አድማሴ ናቸው፤ ቁመታቸው ረጅም፣ ሳቃቸው ከፍ ያለ፣ ከፈረሳቸው ብዙም የማይወርዱ ሰው ናቸው። ሸጋን የጥሊሊ ሰዎች ለልጃቸው ጠይቀዋቸዋል። በሰኔ ወር፣ አምሳለ ነገሩን በፈራ ድምፅ ስታነሣ፣ አድማሴ ሳቁ።

«ሙሽሪት፣ አንቺ ተማርሽና ምን አተረፍሽ?»

«ብዙ ነገር፣ አያ።»

«እስቲ አንዱን አሳዪኝ። በክረምት ዶሮ ያልቃል። ፈንግል ያልወሰደውን ረኃብ ይወስደዋል። ዶሮዎችሽ ክረምቱን ተሻግረው መስከረም ከጠባ፣ ትምህርት የሚባለው ነገር እውነት ነው እላለሁ፤ ልጅቱም ትማር። ካለቁ ግን ይህን ወሬ ዳግመኛ እንዳታነሽብኝ።»

«ቃልዎ ነው?»

«አድማሴ ሁለት አፍ የለውም!»

አምሳለ በዚያው ሳምንት ሥራዋን ጀመረች። በዳንግላ የቤት አያያዝ ያስተማረቻት ወይዘሪት ማናለብሽ ጥቅል ጎመንን በጨው አኮምጥጦ ማቆየትን አሳይታቸው ነበር፤ ለሰው ምግብ ነበር ያሳየቻቸው። አምሳለ ለዶሮ አሰበችው። ክረምት ሲገባ እህሉ ከጎተራ ሥር ይደርሳል፣ ለሰውም ይሳሳል፤ የጓሮው ጎመን ግን ውጫዊ ቅጠሉ በዝናብ እየረገፈ ይበሰብሳል። እርሷ ያን ቅጠል ሰብስባ፣ አጥባ፣ በስሱ ከትፋ፣ በሦስት ጣቷ ጫፍ የቆነጠረችውን ጨው ነስንሳ አሸችው። ውሃ ሲያወጣ በማሰሮ ጠቅጥቃ የወንዝ ድንጋይ ጫነችበት፤ ቅጠሉ ከውሃው በላይ ብቅ ካለ ይሻግታልና በየጧቱ እየከፈተች ታየዋለች። የመጀመሪያው ማሰሮ ሻጋታ አበቀለ፤ ሳታቅማማ ጉድጓድ ቆፍራ ደፋችው። ሁለተኛው ጥሩ ኮመጠጠ። እርሱንም ቢሆን እንዳለ አትሰጥም። በንጹሕ ውሃ ታለቀልቀዋለች፣ ትጨምቀዋለች፣ ከፉርሽካ ጋር ትለውሰዋለች፤ ለእያንዳንዷ ዶሮ ከአፍ ማበሻ አታሳልፍም። ከምግቡ ጎን ውሃ የሞላ ገበቴ አይጠፋም።

አማቷ ወርቅአየሁ ይህን ሁሉ በመጀመሪያ የተመለከቱት በፌዝ ነበር።

«ሰው ሁሉ ዶሮ ወጥ ይሠራል» አሉ ለጎረቤታቸው ለስሜነሽ። «የእኔ ምራት ለዶሮ ወጥ ትሠራለች።»

«ኋላ ደግሞ ‘ጨው አነሰው’ ብለው እንዳይመልሱላት!» አለች ስሜነሽ፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ወርቅአየሁ ከብት አዋቂ ናቸው። መውለድ ያቃታት ላም ካለች የሚጠሩት እርሳቸው ናቸው፤ የታመመ በሬ ከእጃቸው ጨው ከላሰ ይነሣል ይባላል። እጃቸው ቡሩክ ነው። ከከብቶቻቸው ጋር በአገውኛ ያወራሉ፤ ሰው ላይ የሚቆጣ ድምፃቸው ላሚቱ ጆሮ ዘንድ ሲደርስ ይለሰልሳል። ፌዛቸውም ውሎ አድሮ ረገበ። በሐምሌ የስሜነሽ ዶሮዎች አለቁ፤ የእነርሱ ግን ላባቸው አብረቀረቀ። ጾመ ፍልሰታ ሲገባ እንቁላሉ የሚበላው ጠፍቶ በቅርጫት ተከማቸ። ስሜነሽ ራሷ ማሰሮ ይዛ መጣችና ምን ያህል ቅጠል፣ ምን ያህል ጨው እያለች ተማረች። አንድ ቀን ወርቅአየሁ ምራታቸው ሳታያቸው ቀይዋን ዶሮ አንሥተው ደረቷን በእጃቸው መዘኑ፤ በአገውኛም አንድ ነገር አሏት። አምሳለ በጓዳው በር ቆማ አየቻቸው፤ በዚያ ቤት መኖር ከጀመረች ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

እና አሁን ሁሉም ሞተዋል።

ትናንት እሑድ እርሷና ዓለምነው ለቀብር ቆሰበር ሄደው ነበር። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሲመሽ በስብሰው ሲገቡ የዶሮዎቹ ቤት ተዘግቶ አገኙት፤ ወርቅአየሁም ከእሳቱ ዳር ሆነው፣ «ዝናቡ አያስወጣም ብዬ ሳልፈታቸው ዋልኩ። እዚያው አብልቻቸዋለሁ፤ አንቺ ከምትሰጫቸው አብልጬ» ብለዋት ነበር። አምሳለ አመስግናቸው ተኛች።

ይህን አስታውሳ ወደ ጓዳ ገባች። ማሰሮው ከግማሽ በታች ጎድሏል። ጣቷን ነክራ ቀመሰች፤ ምላሷን አኮማተረው። እንደ ገና ቀመሰች። ከሥሩ በእጇ ስትፈልግ ገና ያልሟሟ የአሞሌ ስባሪ አገኘች።

ወርቅአየሁ በረቱን ጠርገው ሲመለሱ በጓዳው በር ተገናኙ።

«እማማ፣ ማሰሮው ውስጥ ጨው ጨምረዋል?»

«አዎን» አሉ ሳይደብቁ፣ እንዲያውም ፈገግ ብለው። «ቅዳሜ ጾሙ ሲፈታ፣ እንደ ልማዳችን ለከብቶቹ አሞሌ ቀጥቅጬ አላስኳቸው። በዚህ ቤት እኛ ስንገድፍ ከብት ጨው ሳይቀምስ አይውልም፤ የባሌ እናትም ያደርጉት ነበር። ኋላ ዶሮዎቹን አየሁና፣ ‘እነዚህስ የቤት ልጆች አይደሉም?’ አልኩ። የቀረውን ጨው ለእነርሱ ብዬ ከጎመናቸው ጨመርኩት። ምነው?»

አምሳለ የያዘችውን የአሞሌ ስባሪ በመዳፏ ላይ አሳየቻቸው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻቸው፤ ላም በጨው ትፋፋለች፣ ዶሮ ግን ትንሽ ሆዷ አይችለውም፤ ያልታጠበ ጨዋማ ጎመን በልተው፣ ውሃም በሌለበት ተዘግተው ውለው አደሩ፤ ውስጣቸው ነደደ።

ወርቅአየሁ ይህን ሰምተው ወደ ደጅ ወጥተው የቀርከሃውን ቤት አዩ። ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው መዳፉን ተመለከቱት፤ ከዚያ በቀሚሳቸው ጠረጉት፤ ጠርገውም አልተዉ፣ እንደ ገና ጠረጉት።

«እማማ፣ በክፉ አላደረጉትም» አለች አምሳለ። «አላወቁም ነበር። ይህ ጥፋት አይባልም።»

ወርቅአየሁ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ የፈረስ ኮቴ ተሰማ።

አያ አድማሴ ወደ ጥሊሊ መንገዳቸው ነበር። ገና ከፈረሳቸው ሳይወርዱ፣ «እንደምን አደራችሁ! ምነው፣ ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለሳ?» አሉ።

«ዶሮዎቹ አለቁ» አለ ዓለምነው። በረቱ ዳር ቆሞ የፈረሱን ልጓም ተቀበለ። አጎቱ ባሉበት ንግግር የማያበዛ ሰው ነው።

አድማሴ ወርደው አዩ። አንዱን በከዘራቸው ጫፍ ገለበጡት። ሊሥቁ ይችሉ ነበር፤ አልሣቁም። የአምሳለን ፊት ሲያዩ እንዲያውም አዘኑ።

«ፈንግል ነው» አሉ። «አይዞሽ፣ ሙሽሪት። የኔንም በሐምሌ አንድ ሳያስቀር ጠርጎብኛል። የአንቺ እስከ ዛሬ መቆየቱም ተአምር ነው።» ትንሽ አሰቡና ጢማቸውን አሻሹ። «መቼም ፈንግል የእግዜር ቁጣ ነው፤ እኔ በእግዜር ሥራ ሰው አልይዝም። እንቁላሉን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያልኩትን ብያለሁ። ልጅቱ ትማር። ለጥሊሊ ሰዎች ‘ልጅቱ ለትምህርት ተሰጥታለች’ ብዬ እመልሳቸዋለሁ።»

ከበሩ ጀርባ የሸጋ ትንፋሽ ተሰማ።

አምሳለ ዝም ብትል ያ ቀን በዚያው ያበቃ ነበር። ዝም ልትልም ቃጥቷታል። ግን በአጥሩ ማዶ የስሜነሽ ጭስ ሲወጣ ይታያል። ስሜነሽ ጎመኑን አኮምጥጣለች፤ ከእርሷ ቀጥሎ ሌሎች ሁለት ሴቶችም ተምረዋል። ዘመን መለወጫ ሊደርስ የቀረው ጥቂት ነው፤ ያን ዕለት ደግሞ በየቤቱ ለከብት ጨው ይሰጣል፤ የሁሉም ቤት ልማድ ነው። የእነዚህ ዶሮዎች ሞት ፈንግል ተብሎ ከተቀበረ፣ የእነዚያም ሴቶች ዶሮዎች በሌላ እጅ፣ በዚያው ደግነት ይሞታሉ። ከዚያም በላይ፣ ለሸጋ የምትከፍትላት በር በመጀመሪያው ቀን በሐሰት መከፈቱ ከበዳት። እውነቱ ደግሞ ማንንም የሚጎዳ አልመሰላትም። አማቷ አጠገቧ ቆመዋል፤ ከጥቂት ጊዜ በፊት ሳይደብቁ ነግረዋታል።

«ፈንግል አይደለም፣ አያ» አለች። «ጨው በዝቶባቸው ነው። ጎመኑ ጨው በዝቶበት፣ ሳይታጠብ ተሰጥቷቸው ነው።»

አድማሴ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። «ጨው? ጨውን ማን ጨመረው?»

አምሳለ ወደ አማቷ ዞረች። አሁን ይናገራሉ፣ እኔ ነኝ ይላሉ፣ አያም ‘ወርቅአየሁ፣ ለዶሮ ደግሞ ጨው!’ ብለው ይሥቁባቸዋል፣ ነገሩም ያልቃል ብላ ጠበቀች።

ወርቅአየሁ ዓለምነውን አዩ። አድማሴን አዩ። ከአጥሩ ማዶ ስሜነሽ ድምፁን ሰምታ አንገቷን ብቅ አድርጋ ነበር፤ እርሷንም አዩ። ባለፈው ሳምንት ላሟን ያዋለዱላት እርሳቸው ነበሩ።

«እኔ ስለ ማሰሮዋ ምን አውቄ» አሉ። «የትምህርት ቤት ነገር ነው።»

አምሳለ የሰማችውን ማመን አቃታት። «እማማ…» አለች።

«እንግዲያው አንቺው ነሻ!» አሉ አድማሴ። ኀዘናቸው ከፊታቸው ጠፋ፤ የተታለለ ሰው ፊት መጣ። «እኔ የእግዜር ነው ብዬ አዘንኩልሽ። ለካ የእጅሽ ነው!»

«እኔ አይደለሁም፣ አያ።»

«ታዲያ ማን ነው? ተናገሪ።»

ዓለምነው ወደ ሚስቱ ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ ወደ እናቱ፤ ከዚያ ወደ ልጓሙ። አምሳለ የባሏ ዓይን ከየት ወዴት እንደ ሄደ አየች። ገብቶታል። ገብቶትም የፈረሱን አንገት ማሻሸት ጀመረ። በዚያ ደጅ ላይ፣ በባሏ አጎትና በጎረቤት ፊት፣ ከከተማ የመጣች ምራት አማቷን «ዋሽተዋል» ብትል የሚያምናት እንደሌለ አወቀች። ባያምኗት ብቻ ደግ ነበር፤ ግን በዚያው ቀን ወደ ዳንግላ ይሸኟታል፤ ሸጋም ስለ እርሷ የሚናገር አንድ ሰው እንኳ አይቀርላትም። ልታወጣው ያሰበችውን ስም ዋጠችው።

«ማንንም ልል አልችልም» አለች።

«አትችይማ!» አድማሴ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ስድስት ዓመት ተቀምጠሽ ጨው መመጠን ካላስተማሩሽ ሌላው ምን ሊረባ ነው? ይህንንማ ሸጋ ከእናቷ ጓዳ ትማረዋለች። የጥሊሊ ሽማግሌዎች ዛሬ መልስ ይጠብቃሉ፤ እኔም መልስ አለኝ። ዓለምነው፣ ፈረሱን አምጣው።»

ዓለምነው ፈረሱን አመጣ።

ኮርቻው ላይ ከወጡ በኋላ አድማሴ አንድ ጊዜ ወደ በሩ ዞሩ። ሸጋ ወጥታ ቆማ ነበር። ምንም አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን እንደ ትልቅ ሴት አጥብቃ ተከናንባለች። «አይዞሽ» አሏት፣ ከልባቸው ነበር፤ «ደህና ቤት ነው የምትገቢው። መሬታቸው ሰፊ ነው።» ፈረሱን ኮለኮሉትና ቁልቁል ወረዱ። ዓለምነው እስከ አጥሩ በር ሸኝቷቸው፣ ከዚያ መቆፈሪያውን ይዞ ዶሮዎቹን ሊቀብር ወደ ጓሮ ሄደ።

ከዚያም ወርቅአየሁ ቁርስ የሚሆን ድንች በቅርጫት አውጥተው ከበሩ አጠገብ ባለው ግንድ ላይ ተቀመጡና መላጥ ጀመሩ። ልጣጩ ረዝሞ፣ ሳይቆረጥ ይወርዳል። አምሳለ መጥታ ከእግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«እማማ፣ እኔ አልቀየምኩም» አለች። «ሰው አለ፣ ጎረቤት አለ፤ ድንገት ከአፍዎ ወጣ። እኔ ይገባኛል። ማንም ደግሞ በእርስዎ እጅ አይፈርድም። ላሞቹን ያዳነ እጅ ነው። አንዲት ቀን በዶሮ ሳተ ብሎ ማን ይተወዋል?»

ልጣጩ ወረደ።

«ከዓለምነው ጋር የሚያጣላኝ መስሎኝ አይደለም የምለምንዎት። ስለ ራሴ ከሆነ፣ እኔው ነኝ ያጠፋሁት ይባል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ይባል፤ እሺ። ስሜነሽንም ለብቻዋ አገኛታለሁ፤ ጨው እንዳታበዛ እነግራታለሁ። እርስዎን አላነሣም።» ሸጋ ወደ ቆመችበት በር በእጇ አመለከተች። «እርስዎ ስንት ዓመትዎ ነበር፣ ሲዳሩ? አንድ ቀን ነግረውኛል። ከበጎቹ መካከል ጠርተው ቀሚስ አለበሱኝ ብለውኛል። እዚያ ቆማለች፤ ይዩዋት።»

ወርቅአየሁ አላዩም። የላጡትን ድንች ውሃው ውስጥ ጣሉት፤ ሌላ አነሡ።

ከቁልቁለቱ በታች ወንዙ ሌሊት ሲዘንብ ባደረው ዝናብ ሞልቷል። አድማሴ ዳር ደርሰው ፈረሳቸውን አቁመዋል፤ የሚያሻግር ቦታ እየፈለጉ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳሉ። ከዚህ ደጅ ሆነው ቢጠሩ ይሰማል፤ የወርቅአየሁ ድምፅ ከዚያ ማዶ ያለ ላም እንኳ ይመልሳል።

«ገና አልተሻገሩም» አለች አምሳለ። «አንድ ቃል ነው። ‘ይመለሱ፣ የምነግርዎ አለ’ ብቻ ይበሏቸው፤ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ። እማማ፣ እባክዎ።»

ቢላዋው ለአፍታ ቆመ። ከዚያ እንደ ገና መላጥ ቀጠለ።

ፈረሱ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ እግሩን እየፈተነ፣ ወደ ድፍርሱ ውሃ ገባ።

«ይጥሯቸው፣ እማማ።»